ሳይገፉ መቅደም፦ ለታዳጊ ሯጮች አሰልጣኞች

ስፖርታዊ ጨዋነት በውድድር ዋዜማ ምክር አይያዝም። ታዳጊ ሯጭ ባልንጀራውን በክርኑ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ተንኮል ኖሮበት ሳይሆን፣ በጠባብ ቦታ እንዴት እንደሚታለፍ ያሳየው ስለሌለ ነው።

ለዚህ ልምምድ ጃን ሜዳ ይመቻል። ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይሞሉት በማለዳ ግቡና ጉድጓድ የሌለበት ሣር ላይ 60 ሜትር ያህል በሁለት ረድፍ ኮን ደርድሩ። የመም (የመሮጫ ትራክ) አንዱ መስመር 1.22 ሜትር ስለሆነ በረድፎቹ መካከል የሁለት መስመር ያህል፣ 2 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ተዉ። ስድስት ልጆች ተጠጋግተው በዝግታ ይሩጡ፤ ስፓይክ (ሶሉ ሹል ብረት ያለው የመሮጫ ጫማ) ማንም አያድርግ። መጨረሻ ያለው በቀኝ ወጥቶ ሁሉንም ያልፋል፤ መሪው ፊት የሚገባው ግን አንድ ሙሉ እርምጃ፣ ወደ 2 ሜትር፣ ከቀደመ በኋላ ነው። ከዚያ ተራው የቀጣዩ ይሆናል።

ስህተቱ ሁልጊዜ እዚሁ ላይ ነው። ልጁ ትከሻው እንዳለፈ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የተከታዩ እግር ተረከዙን ይመታዋል፣ ሁለቱም ይወድቃሉ። “ገና!” እያላችሁ ከጎን ሩጡ። መጀመሪያ ትኩስ እያሉ ይሥሩት፤ ሲለምዱት ግን ከኢንተርቫል (በእረፍት ከተከፋፈለ የፍጥነት ሩጫ) በኋላ አሠሯቸው፤ ክርን የሚከፈተው ሲደክም ነው፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ድካሙ ቶሎ ይመጣል።

በሯጮች የተከበበ ልጅ የፊተኛውን ጀርባ መግፋት ይቀናዋል። ግማሽ እርምጃ ለቅቆ በውጭ በኩል ይውጣ። የሚያጣው ጥቂት ነው፤ መግፋት ግን ከውድድር ሊያሰርዝ ይችላል።

ጨዋነት መለሳለስ እንዳይመስላቸው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር የደቡብ አፍሪካዋን ኤለና ሜየርን ከኋላ ተከትላ በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደች። ካሸነፈች በኋላ ግን ጠብቃት ስታዲየሙን አብረው ዞሩ። ተቀናቃኝን ለነፋስ ሰጥቶ ከኋላ መሮጥ ጥፋት የለበትም፤ ለልጆቹ በግልጽ ንገሯቸው።

ደንቡንም ያውቁት። የተደረበ (በሙሉ ዙር የተቀደመ) ሯጭ መሪውን ማሯሯጥ አይፈቀድለትም። የወደቀን ተወዳዳሪ አንስቶ ማቆም ይፈቀዳል፤ ደግፎ ወደ ፊት መውሰድ ግን አይፈቀድም። ለጓደኛው አዝኖ ትከሻውን ያቀበለ ልጅ ሁለቱንም ሊያሰርዝ ይችላል።

ተበደልን ካላችሁ አቤቱታ በሥርዓት አቅርቡ። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ጊዜው ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ 30 ደቂቃ ነው፤ የአገር ውስጥ ውድድር የራሱ ሊኖረው ስለሚችል ከውድድሩ በፊት ጠይቁ። ልጁን አረጋግታችሁ ራቅ አድርጉትና ብቻችሁን ወደ ዋና ዳኛው ሂዱ። ዳኛው የሚፈልገው የገፊውን የደረት ቁጥር፣ ዙሩንና ቦታውን ነው፤ ከጥምዙ መግቢያ ነው ወይስ መውጫ? እዚያው ወረቀት ላይ ያልጻፋችሁትን በኋላ አታስታውሱትም።