የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎን ቀን ጽፈው ይያዙ

ባለፈው ክረምት ፒያሳ ውስጥ በፈረሰ አሮጌ ቤት አጠገብ ሳልፍ ጭቃ የሸፈነው የቆርቆሮ ሚስማር የጫማዬን ሶል በስቶ እግሬን ወጋኝ። በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ ቁስሉን እያጠበች በቅድሚያ የጠየቀችኝ የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ክትባት መጨረሻ የወሰድኩት መቼ እንደሆነ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

በአገራችን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜ የሚሰጠው የሕፃናት ክትባት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ይመስለናል፤ ሆኖም ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከዲፍቴሪያና ከትክትክ የሚያስገኘው መከላከያ ከዓመታት በኋላ እየሳሳ ስለሚሄድ ወጣቶችና አዋቂዎች በማጠናከሪያ ክትባት ሊያድሱት ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ላጠናቀቀ ሰው የተለመደው የሕክምና ምክር በየ10 ዓመቱ ማደስ ሲሆን፣ ቁስሉ ጥልቅ ወይም አፈርና ፍግ የነካው ከሆነ ግን ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ማለፉ ብቻ ለመደገም በቂ ምክንያት ነው። (ዝገቱን እንፈራለን እንጂ ጀርሙ የሚኖረው በአፈርና በእንስሳት ፍግ ውስጥ ስለሆነ የጽጌረዳ እሾህም ያው ነው።) መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የዳነ ሰው እንኳ መከተብ አለበት፤ ሕመሙ የመከላከል አቅም አይተውም።

ቲዲ የሚባለው የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ ማጠናከሪያ ክትባት ትክትክን እንደማይጨምር ልብ ይበሉ፤ ስለዚህ በቤትዎ አራስ ልጅ የሚጠበቅ ከሆነ ሦስቱንም የያዘው መኖሩን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ካርድዎንም ፎቶ አንስተው በስልክዎ ያስቀምጡ።