ረጅም ቮይስ ሲላክላችሁ ወደ ጽሑፍ የምትቀይሩበት መንገድ

የሰባት ደቂቃ ቮይስ ሲላክላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ስብሰባ ላይ ናችሁ እንበል። ወይም የፈለጋችሁት አንዲት ስልክ ቁጥር ብቻ ናት፣ እሷን ለማግኘት ግን ሰላምታውን፣ የጎረቤቱን ወሬና የዝናቡን ሁኔታ ሁሉ መስማት ግድ ሊሆንባችሁ ነው። ጽሑፍ ቢሆን በዓይን ገረፍ አድርጎ ማግኘት ይቻል ነበር። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከምቾትም በላይ ነው። የቤተሰቡ ግሩፕ በሙሉ በቮይስ የሚያወራ ከሆነ እሱ ከጨዋታው ውጪ ሆነ ማለት ነው፤ ይሄ ያሳዝናል፣ መፍትሔም አለው።

መጀመሪያ ብዙ አትልፉበት የምለውን ልንገራችሁ። ዋትስአፕ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ቮይስን ወደ ጽሑፍ መቀየር ሲጀምር በጥቂት ቋንቋዎች ነበር፣ አማርኛ አልተካተተም። ቴሌግራም ላይ ከቮይሱ ጎን የምትታየው የፊደል ምልክት በዋናነት ለፕሪሚየም፣ ማለትም ለሚከፍል ተጠቃሚ ናት፤ ካላችሁ ሞክሯት። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ለእንግሊዝኛ ግሩም ነው፣ አማርኛ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፋል።

ለአማርኛ በነጻ የሚሠራው የጉግል ነው። ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ያመጣው በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ከስዋሂሊ ጋር ነው። ስልካችሁ ላይ ጂቦርድ ኪቦርድን ጫኑ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ፣ ከዚያ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙራችሁ የማይክ ምልክቷን ንኩ። ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ ክሮም ላይ ጉግል ዶክስን ከፍታችሁ ቱልስ ከሚለው ውስጥ ቮይስ ታይፒንግን ምረጡ፣ ከማይኩ በላይ ቋንቋውን አማርኛ አድርጉ። ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

አሁን ብዙ ሰው ቮይሱን በስፒከር ከፍቶ ማይኩን ያስጠጋለታል። አይሆንም! ቮይሱ ሲላክ አንዴ ተጨምቋል፣ የላከው ሰውዬ ገበያ መሃል እየሄደ ነው የተናገረው፣ ከስፒከር ሲወጣ ደግሞ ያስተጋባል። የሚወጣው ጽሑፍ ግማሹ ይጎድላል፣ ያንን ለማረም የምታጠፉት ጊዜም ከመጀመሪያው በእጅ ከመጻፍ አይተናነስም።

የሚያዋጣው ይሄ ነው፦ ኢርፎን አድርጉ፣ ቮይሱን በሌላ ስልክ ወይም በላፕቶፕ ክፈቱ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ስሙ፣ አቁሙት፣ ከዚያ በራሳችሁ ድምፅ ረጋ ብላችሁ ለማይኩ ድገሙት። ውጭ አገር ለቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ጽሑፍ የሚያወጡ ባለሙያዎችም እንዲሁ ይሠራሉ፤ የሰሙትን ጥርት አድርገው ለማሽኑ ይደግሙለታል። ጥቅሙ ብዙ ነው። ማሽኑ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ «እእእ» እና «ማለቴ» የሚሉትን እዚያው ትዘላላችሁ፣ የክፍለ አገር አነጋገር ከሆነም እናንተ ገብቷችሁ ነው የምትደግሙት። መጀመሪያ አፍ ይተሳሰራል፣ ግን ቶሎ ይለመዳል።

ከዚያ ማረም አለ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ማሽኑ አራት ነጥብ አስቀመጠም አላስቀመጠም እናንተ እያያችሁ አስተካክሉ፣ ምክንያቱም አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። «ዶክተሩ አለ ነገ ኑ» የሚለውን እዩት። ዶክተሩ ነው «ነገ ኑ» ያለው? ወይስ ዶክተሩ ስላለ ነው ነገ የምትሄዱት? ድምፁ ላይ ግልጽ ነበር፣ ጽሑፉ ላይ ጠፋ። ስለዚህ ወይ ጥቅስ አድርጉበት ወይ «ዶክተሩ ነገ ኑ ብሏል» ብላችሁ አስተካክሉት።

ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ተመልሳችሁ ስሙ። ሰባና ሰባት የሚለያዩት በመጨረሻዋ «ት» ብቻ ነው፣ እሷም በጫጫታ ውስጥ ትዋጣለች። የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከሆነ በአሃዝ ጻፉትና ቮይሱን እንደገና ከፍታችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ከአዲስ አበባ «ሦስት ሰዓት ደውሉ» የተባለውን ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ስታስተላልፉ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በአገር ቤት አቆጣጠር» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉለት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቮይስ ላኩልኝ፣ በጽሑፍ እመልሳለሁ ለሚል የማታውቁት የቴሌግራም ቦት የሰው ድምፅ አትላኩ። የእናታችሁ የሕክምና ወሬ፣ የወንድማችሁ የገንዘብ ጉዳይ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ ማን ጋ እንደሚቀመጥ አታውቁም። የግል ነገር ከሆነ ጊዜ ቢወስድም በእጃችሁ ጻፉት።

ከጎናችሁ መስማት የተሳነው ሰው ካለ ደግሞ ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባለውን የጉግል አፕ አንድሮይድ ስልኩ ላይ ጫኑለት። በ2019 እ.ኤ.አ. መስማት የተሳናቸው ከሚማሩበት የአሜሪካው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተሠራ ነው፤ ፊት ለፊት የሚነገረውን እየሰማ ወዲያው ይጽፋል።

ጽሑፉን ስትጨርሱ ኖትስ ውስጥ አትቅበሩት። እዚያው ግሩፑ ላይ ለቮይሱ ሪፕላይ አድርጋችሁ ለጥፉት፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምሩበት። በኋላ ሰርች ስታደርጉ ካልመጣላችሁ ፊደሉን ቀያይሩ፤ «ሰርግ» ብላችሁ ያጣችሁት «ሠርግ» ተብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።