ሳያማችሁ ተመርመሩ

እህቶቼ፣ ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራን ነገ ዛሬ አትበሉ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጡታል። የምትፈሩትን ያህል አይደለም፣ እመኑኝ። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን በተበረዘ አሴቲክ አሲድ ትቀባለች፤ አቼቶ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ነጣ ያለ ነገር ከታየ ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ አልጋ መያዝም አያስፈልግም። ወር አበባ ላይ ካላችሁ ብቻ ጨርሳችሁ ሂዱ።

«ምንም አያመኝም» ብላችሁ አትቅሩ። ይሄ በሽታ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያድገው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እህቶች ደግሞ 30 ዓመት እስኪሞላቸው አይጠብቁ። ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ ዕድሜ አትቁጠሩ፣ ቶሎ ሂዱ።