አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ ሲዘበራረቅ፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

አዳማ ውስጥ በፍርድ ቤትና በትምህርት ቤት አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቆች ዛሬም ዊንዶውስ 7፣ አልፎ አልፎም ኤክስፒ የተጫነበት ዴስክቶፕ ያገለግላል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ፊደሉ ሲዘበራረቅ ወዲያው የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደገና ይጫን ነው። አይቸኩሉ። ፎርማት ሲደረግ አሮጌ ሰነዶችን ሲያስነብብ የኖረው ፎንት አብሮ ይጠፋል። በአንድ ፋይል ላይ የነበረው ችግር የቢሮውን የዓመታት ሰነድ ሁሉ ያዳርሳል ማለት ነው።

መጀመሪያ የተበላሸ የሚመስለውን ፋይል ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት። ከዚያ በፍላሽ ኮፒ ይያዙና ሙከራውን ሁሉ በኮፒው ላይ ይሥሩ።

ከዕቃው ነው ከፋይሉ?

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩና ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ያስተውሉ። እሱም ከተቆራረጠ፣ ወይም ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር ከታየ፣ ፎንት መጫን ዋጋ የለውም። እንዲህ ከሆነ ዊንዶውስ እስኪገባ ይጠብቁና ፕሪንት ስክሪን ተጭነው ምስሉን ፔይንት ላይ ይለጥፉ፤ ሴቭ አድርገው በስልክ ይክፈቱት። በስልኩ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ኬብሉና ሞኒተሩ ናቸው። በስልኩም ላይ ያው ከሆነ ጣጣው ካዝናው (የኮምፒውተሩ ዋና ሳጥን) ውስጥ ነው።

የቪጂኤ ኬብል 15 እግሮች በሦስት ረድፍ አሉት። ከመካከለኛው ረድፍ አንዷ ብትጎድል አይደንግጡ፤ ብዙ ኬብል ሲሠራም እንዲሁ ነው። የታጠፈች ካለች ቀስ ብለው ያቅኗትና ኬብሉን በሁለቱ ብሎን ያጥብቁት።

ውስጡን ለመክፈት ኤሌክትሪኩን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭነው ይያዙ፣ የካዝናውን ብረትም ይንኩ። የአዳማ አቧራና ሙቀት ማራገቢያውን ቶሎ ስለሚያፍነው አስቀድመው እሱን ያጽዱ። ራሙን (የማስታወሻ ካርዱን) ያውጡና ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ይሹት፤ ፍርፋሪውን ጠርገው ቀጭ እስኪል ይመልሱት። ለብቻው የግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ለስክሪኑ ከራሙ ቆርሶ ስለሚጠቀም፣ የራም ችግር ስክሪን ላይ ፊደል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ራሙ ሁለት ከሆነ አንድ በአንድ እየሰኩ ይሞክሩ።

ፊደሉ ትክክል ሆኖ ከደበዘዘ ግን ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም፤ ሬዞሉሽኑን (የስክሪኑን የነጥብ ብዛት) የሞኒተሩ የራሱ ወደሆነው ይመልሱት። ለብዙዎቹ ባለ 17 ኢንች፣ ወደ ጎን ያልሰፉ አራት ማዕዘን ሞኒተሮች 1280 በ1024 ነው። ያ ምርጫ ጭራሹን ካልመጣ ምናልባት የግራፊክስ ድራይቨሩ (ስክሪኑን የሚያዝዘው ፕሮግራም) አልተጫነም።

ብልሽቱ ምን ይመስላል?

ባዶ ሳጥኖች ከሆኑ ደስ ይበልዎ፤ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። ኤክስፒ የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት ይዞ አይመጣም፤ ኒያላ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካ ወይም የኖቶን የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አውርደው ፋይሉን ዊንዶውስ ውስጥ ባለው «ፎንትስ» አቃፊ ይለጥፉ፣ ወርድን ዘግተው ይክፈቱ። በቃ።

የጥያቄ ምልክት በተርታ ከሆነ መጥፎ ዜና ነው። አማርኛውን ኖትፓድ ላይ ጽፎ በአንሲ (የአማርኛ ፊደል በማያውቀው አሮጌ አቀማመጥ) ሴቭ ያደረገ፣ ወይም ሰንጠረዥ ከኤክሴል በተራው ሲኤስቪ ያወጣ ሰው አለ። እያንዳንዱ ፊደል በእውነተኛ የጥያቄ ምልክት ተተክቷል፤ የትኛውም ፎንት አይመልሰውም። ዋናውን ፋይል ይፈልጉ፤ ለወደፊቱም ሴቭ ሲያደርጉ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበትን ዘዴ) ዩቲኤፍ 8 ይበሉት።

አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» በየሁለት ሦስት ምልክቱ ከተደጋገመች ጽሑፉ ዩቲኤፍ 8 ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ላቲን እያነበበው ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ነው እሷ የምትመላለሰው። ኤክሴል ላይ ፋይሉን ደብል ክሊክ አያድርጉት። ባዶ ገጽ ከፍተው «ዳታ»፣ ቀጥሎ «ፍሮም ቴክስት» ይበሉና ከዝርዝሩ 65001ን፣ ማለትም ዩቲኤፍ 8ን፣ ይምረጡ።

አስቸጋሪው፦ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ዘመን ሰነድ

ጽሑፉ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል፣ ቃለ አጋኖና የገንዘብ ምልክት ተቀላቅሎበት ከመጣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባለ አሮጌ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደንብ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ፎንት ሠሪዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉ የያዘው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ወለቀ።

ስለዚህ የትኛው ፎንት እንደነበር ይወቁ። የተበላሸው መስመር ላይ ክሊክ ሲያደርጉ ፎንቱ ባይኖርም እንኳ ስሙ በወርድ የፎንት ሳጥን ውስጥ ይታያል። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ ያለው «ፎንት ሰብስቲትዩሽን» ደግሞ የጎደሉትን ይዘረዝራል። ያንኑ ፎንት ሰነዱ ከተጻፈበት ማሽን ገልብጠው ያምጡ፤ ሌላ የግዕዝ ፎንት አይተካውም፣ አቀማመጣቸው ይለያያል። ከአንድ በላይ ሊሆንም ይችላል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከ256 ቦታ ይተርፋሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ ሠሪዎች ትርፉን ወደ ሁለተኛ ፎንት አዛውረውታል። ጽሑፉ ተስተካክሎ «ሟ» እና «ቷ» ብቻ እንግዳ ሆነው ከቀሩ የጎደለው ሁለተኛው ነው።

አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ብዙ ደብዳቤ አፋን ኦሮሞውና አማርኛው ጎን ለጎን ነው የሚጻፈው። ሁሉንም በአንዴ መርጠው የግዕዝ ፎንት ካለበሱት ቁቤው (በላቲን ፊደል የተጻፈው አፋን ኦሮሞ) ትርጉም የለሽ የግዕዝ ፊደል ይሆናል። ቁቤውን ወደ ታይምስ ቢመልሱት ይድናል፤ ግን እንዲህ ተለብሶ ሴቭ ከተደረገ የትኛው ዓምድ የትኛው እንደነበር በዓይን መለየት ሊኖርብዎ ነው። ይልቅ ጠቋሚውን አንድ የተበላሸ መስመር ላይ አድርገው ከ«ሆም» ጥግ ባለው «ሴሌክት» ውስጥ ተመሳሳይ ፎርማት ያለውን ሁሉ እንዲመርጥ ይዘዙት፣ ከዚያ ፎንቱን ይቀይሩ።

ሌላው ጠላት የወርድ አውቶኮሬክት ነው። ለእሱ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሚመስለው የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ያደርጋል፤ በአሮጌው ፎንት ደግሞ ትልቁና ትንሹ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንድ ቃል ከማረምዎ በፊት «ፕሩፊንግ» ውስጥ ገብተው ያጥፉት።

ለማተም ብቻ ከሆነ እዚህ ማቆም ይቻላል። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ፒዲኤፍ ያድርጉት፤ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል። ወርዱን እንዳለ ከላኩት ተቀባዩ ስልክ ላይ እንደገና ይዘበራረቃል። የሚታረምና የሚፈለግበት ሰነድ ከሆነ ግን ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር አይበቃም፣ እንዲያውም ያበላሸዋል፤ ፊደሉን ራሱን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መቀየሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከቀየሩ በኋላ የታተመ ቅጂ አጠገብዎ አድርገው ዲቃላዎቹን፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ይመርምሩ፤ የሰው ስምና የገንዘብ መጠን ያለበትን መስመር ደግሞ ጮክ ብለው ያንብቡት። አዲሱን በሌላ ስም ሴቭ ያድርጉ፤ አሮጌውን ከፎንቶቹ ጋር በአንድ አቃፊ ያስቀምጡ።