መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ሶላር፦ ከመስመር ጋር የተገናኘና ባትሪ ያለው የፀሐይ ኃይል ሥርዓት እንዴት ይነደፋል?

ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓነል ያሰቀለ ሰው በጠራራ ፀሐይ መብራት ሲጠፋ የእርሱም ቤት ከጎረቤቱ እኩል ቀጥ ማለቱን ሲያይ የተታለለ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ብልሽት አይደለም። ያለ ባትሪ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር (የፓነሉን ቀጥታ ጅረት ቤቱ ወደሚጠቀምበት ተለዋዋጭ ጅረት የሚለውጠው መሣሪያ) የመስመሩ ኃይል እንደተቋረጠ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ባይሆን ከጣሪያው የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ሰፈሩ መስመር ፈስሶ፣ ኃይል የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን የጥገና ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። መብራት በጠፋበት ሰዓት መሥራት ያለበት ሥርዓት ስለዚህ ከመስመሩ ተነጥሎ ለቤቱ ብቻ የሚያቀርብበት የተለየ መውጫና ይህን መውጫ የሚደግፍ ባትሪ ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝን፣ ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ቆጣሪ የሆነ መካከለኛ መኖሪያ ቤት በምሳሌነት ይዘን አነዳደፉን ከመጀመሪያው እስከ ፍተሻው እንከተላለን።

ብዙ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው «ጣሪያዬ ስንት ፓነል ይችላል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። እኔ የምመክረው ከሌላኛው ጫፍ፣ ከብሬከር ሳጥኑ መጀመርን ነው፤ የባትሪውን መጠን፣ የኢንቨርተሩን አቅምና በመጨረሻ የሚወጣውን ገንዘብ የሚወስነው፣ መብራት ሲጠፋ የትኞቹ ብሬከሮች ኃይል ይዘው እንዲቆዩ እንደተፈለገ ነውና።

ጭነቱን መለየት

በመጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ያህል የቆጣሪውን ንባብ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ንጋት 12 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይመዝግቡ። ወርሃዊ ሂሳብ ብቻውን የማይነግርዎትን ነገር ይህ ቀላል መዝገብ ይነግርዎታል፦ ከፍጆታዎ ምን ያህሉ ፀሐይ እያለች፣ ምን ያህሉስ ከጠለቀች በኋላ እንደሚውል። ቀጥሎ የቤቱን ዕቃዎች በሁለት ወገን ይክፈሉ። አንደኛው መብራት ቢጠፋም መቋረጥ የሌለበት ጭነት ሲሆን፣ ሁለተኛው መብራት እስኪመጣ ሊቆይ የሚችለው ነው።

በዚህ ክፍፍል ውስጥ ትልቁን ውሳኔ የሚጠይቀው የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህም በገበያ ላይ የተለመደውን 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር አብዛኛውን አቅም ለብቻው የሚወስድ፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝን ባትሪም በአንድ ሰዓት ገደማ የሚጨርስ ነው። ምጣዱን በባትሪ ለማስኬድ ሲሉ ሥርዓቱን በእጥፍ ማሳደግ፣ በእኔ አመለካከት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ሥራ የሚከፈል ከልክ ያለፈ ዋጋ ነው። ምጣዱ፣ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው ከመጠባበቂያው ውጭ ይሁኑ፤ ፍሪጅ፣ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ የኢንተርኔት ራውተር፣ ላፕቶፕና የውሃ ፓምፕ ግን ውስጥ ይግቡ። ፓምፑን ያካተትኩት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃው የመጣበት ሰዓትና መብራት የጠፋበት ሰዓት የመገጣጠም ልማድ ስላላቸው ነው።

የምሳሌ ቤታችን የግድ ጭነት በቀን እንዲህ ይደመራል፦ ፍሪጅ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ ዘጠኝ ዋት የሆኑ አሥር አምፖሎች ለአምስት ሰዓት 0.45፣ ቴሌቪዥን 0.5፣ ራውተር 0.36፣ ሁለት ላፕቶፖች 0.6፣ 750 ዋት ፓምፕ ለአንድ ሰዓት 0.75፤ በድምሩ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። በዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱትን አንድ ተጠቃሚ ይጨምሩበት፤ እርሱም ኢንቨርተሩ ራሱ ነው። ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም 50 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት ውስጥ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም የፍሪጁን ያህል ይወስዳል።

ባትሪውን መወሰን

ባትሪው መሸፈን ያለበት የሙሉ ቀኑን ፍጆታ ሳይሆን ፀሐይ የሌለችበትን ጊዜ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የምሳሌ ቤታችን የግድ ጭነት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ኢንቨርተሩ ከባትሪው የሚያወጣውን ኃይል ሲለውጥ የሚባክነውን 8 በመቶ ያህል ስናስብ 2.2፣ የራሱን ፍጆታ 0.6 ስንጨምር 2.8 ይሆናል። ባትሪው ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ እንዳይራገፍ ከወሰንን 3.5፣ በዓመታት ውስጥ አምስተኛውን አቅሙን እንደሚያጣ ከገመትን ደግሞ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገናል። ለዚህ የሚቀርበው 51.2 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነው፣ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ነው። ተመሳሳዩን ሥራ በሊድ አሲድ ባትሪ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ከግማሽ በላይ እንዳያራግፈው ስለሚገደድ ከዚህ በጣም የሚበልጥ መግዛት ይኖርበታል፤ የመጀመሪያው ዋጋ ቢያንስም በዕድሜው ሲካፈል ርካሽነቱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

አቅም አንድ ነገር ነው፤ ባትሪው በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው አምፔር ግን ሌላ ነው። 5 ኪሎዋት በ48 ቮልት ሲወሰድ፣ ብክነቱን ጨምሮ 113 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ቢኤምኤስ የሚፈቅደው 100 አምፔር ብቻ ከሆነ ኢንቨርተሩ ሙሉ አቅሙን በጠየቀ ጊዜ ቤቱ በሙሉ ድርግም ይላል። ፓምፑ ሲነሳ ለአፍታ የመደበኛውን አምስት እጥፍ ያህል ሊስብ ስለሚችል 3.75 ኪሎዋት፣ ማለትም 80 አምፔር ያህል እናስብለታለን። ይህን አንዱ ባትሪ ይችለዋል፤ ፓምፑ በሚነሳበት ቅጽበት በመጠባበቂያው ላይ ሌላ ከባድ ዕቃ አብሮ ካለ ግን ሁለት ባትሪዎችን ጎን ለጎን ማገናኘት ይሻላል።

ፓነሉና ጣሪያው

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ «ፓነሉን ወደ ደቡብ አዙር» ይላል፤ እዚህ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። ስለዚህ በትንሹ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ቆርቆሮ በበጋ ቢጎዳም፣ ፀሐይ በምታንስበት በክረምት ጥቂት ይክሳል፤ የጣሪያው አቅጣጫ ሰሜን ስለሆነ ብቻ ውድ የብረት መቆሚያ ማሠራት አያስፈልግም። የክረምት ደመናና ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ደግሞ ከምዕራቡ ይልቅ የምሥራቁ ክዳን ይመረጣል። ዝንባሌው ከ10 ዲግሪ ባያንስ ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ ይወርዳል።

የፓነሉ ብዛት የሚሰላው በጣም ደካማ በሆነው ወር ነው። በሐምሌና በነሐሴ በቀን አራት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ብለን፣ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በኢንቨርተር የሚጠፋውን ሩብ ብንቀንስ፣ እያንዳንዱ ኪሎዋት ፓነል 3 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። የግድ ጭነቱ ከኢንቨርተሩ ፍጆታና ከባትሪው ብክነት ጋር 5.5፣ ቀን ላይ ውሃ ለማሞቅ 2 ስንጨምር 7.5 ይሆናል፤ ይህም 2.5 ኪሎዋት ፓነል ማለት ነው። ለመጠባበቂያ ያህል ጨምረን 550 ዋት የሆኑ ስድስት ፓነሎች፣ በድምሩ 3.3 ኪሎዋት እንውሰድ። ቦታቸው 16 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ክብደታቸው ከ160 ኪሎ በላይ ስለሆነ ክዳኑን የተሸከመው የባህር ዛፍ እንጨት በምስጥ ያልተበላ መሆኑን ወጥቶ ማየት ግድ ነው። መቆሚያው የሚታሰረው ከእንጨቱ ወይም ከብረቱ ጋር እንጂ ከቆርቆሮው ጋር አይደለም።

በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቴጁ የሚደመር መሆኑ ጥንቃቄ ይሻል። የአንዱ ፓነል ጭነት አልባ ቮልቴጅ (ምንም ሳይገናኝበት የሚለካው) 49.8 ቢሆን ስድስቱ 299 ይሆናሉ፤ ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ስለሚጨምር በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት፣ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ወደ 315 ከፍ ይላል። እስከ 500 ቮልት የሚቀበል ኢንቨርተር ይህን በቀላሉ ይችላል። ነገር ግን ወሰኑ 145 ቮልት የሆነ ኢንቨርተርም በገበያ አለ፤ በእርሱ ላይ ሦስት ፓነሎችን በተከታታይ ያገናኘ ሰው 149 ቮልት፣ በብርዱ ንጋት ደግሞ 157 ቮልት ይሰድበታል፤ ኢንቨርተሩም ሊቃጠል ይችላል። ወሰኑን ከሻጩ ቃል ሳይሆን ከዕቃው ላይ ካለው ጽሑፍ ያንብቡ። የኢንቨርተሩ የፓነል መግቢያ ቢያንስ የፓነሉን 14 አምፔር ያህል የሚቀበል መሆኑንም እዚያው ያረጋግጡ።

ኢንቨርተሩና መስመሩ

«ሃይብሪድ» የሚለው ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከመስመሩ ኃይል ይቀበላል እንጂ ወደዚያ መልሶ መስጠት አይችልም፤ ፀሐዩ የሚደርሰው ከመጠባበቂያው መውጫ ጋር ለተገናኙት ዕቃዎች ብቻ ነው። እውነተኛው ሃይብሪድ ግን ቆጣሪው አጠገብ በሚታሰር ሲቲ በተባለ የአምፔር መለኪያ እየተመራ፣ ከመጠባበቂያው ውጭ ላሉት ምጣድና ማሞቂያም ቀን ቀን ያካፍላል። ምጣዱን ከመጠባበቂያው ያስወጣነው ይህን ተስፋ አድርገን ስለሆነ ልዩነቱን ሳያጣሩ አይግዙ። ቀትር ላይ ሲጋገር ከምጣዱ ፍጆታ ከግማሽ በላዩን ፀሐይ ትሸፍነዋለች።

ትርፉን ወደ መስመር ስለመላክ፦ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር የጽሑፍ ውል እስካልተፈረመ ድረስ ኢንቨርተሩ ምንም እንዳይልክ ሆኖ ይስተካከል። ከሕጋዊነቱ ባሻገር አንዳንድ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ወደ ውጭ የወጣውን ኃይል እንደ ፍጆታ ስለሚቆጥሩት፣ ለሰጡት ኃይል ራስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። ፓነሉን ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ማሳደግ በዚህ ሁኔታ ትርጉም የሌለው ለዚህ ነው፤ በበጋ ስድስቱም በቀን 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ማመንጨት ስለሚችሉ የሚጎድለው ተጠቃሚ ነው።

ከፍታም ይታሰብ። ብዙ ኢንቨርተሮችና ብሬከሮች ሙሉ አቅማቸው የተለካው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የማስወገድ ችሎታቸው ስለሚቀንስ 5 ኪሎዋት የተባለውን ከ4 በላይ ያለማቋረጥ አያስጭኑት።

ሽቦ፣ መከላከያና መሬት

ከፓነሉ ለሚወርደው መስመር 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የሶላር ሽቦ ይበቃል። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ግን ከሁለት ሜትር ያልበለጠ፣ ቢያንስ 35፣ ቢቻል 50 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ ባትሪው አፍ ላይ 150 አምፔር ገደማ የሆነ ለቀጥታ ጅረት የተሠራ ፊውዝ ይግባ። ለተለዋዋጭ ጅረት የተሠራን ተራ ብሬከር በፓነል መስመር ላይ መግጠም እሳት መጋበዝ ነው፤ ቀጥታ ጅረት በየቅጽበቱ ዜሮ ስለማይነካ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ በራሱ አይጠፋም። ደጋው መብረቅ የሚበዛበት ስለሆነ በፓነሉም በመስመሩም በኩል የመብረቅ ግፊት መከላከያ ይገጠም፤ የፓነሎቹ ፍሬምና መቆሚያም ከቤቱ የመሬት ሽቦ ጋር ይያያዙ።

የመጠባበቂያው ብሬከሮች የራሳቸው ሳጥንና የራሳቸው የኒውትራል (ጅረቱ የሚመለስበት ሽቦ) መያዣ ይኑራቸው። የሁለቱ ሳጥኖች ኒውትራል ከተቀላቀለ የንዝረት መከላከያው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚያቋርጠው ብሬከር፣ ያለ ምክንያት ይወርዳል። መስመሩ ተቋርጦ ኢንቨርተሩ ብቻውን ሲሠራ ኒውትራሉ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት መከላከያው ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ኢንቨርተሩ ይህን ግንኙነት በራሱ የሚያደርግ መሆኑን፣ ካልሆነም በሪሌ (በኤሌክትሪክ ራሱ በሚከፈትና በሚዘጋ ማገናኛ) የሚሠራበትን መንገድ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይወስን። የቆጣሪው ማኅተም በማንም አይነካም።

ማስተካከያና ፍተሻ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባትሪውን በየምሽቱ እስከ መጨረሻው እንዲጠቀም አድርጎ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ባትሪው ባዶ ይሆናል፣ መብራቱ በ4 ሰዓት ይጠፋል። መስመሩ እያለ ባትሪው በበጋ ከ30፣ በክረምት ከ50 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይከልክሉት፤ ቀሪው መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት ይቀመጣል። በክረምት ሌሊት ከመስመሩ እንዲሞላም ይፍቀዱለት። መብራት እንደተመለሰ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ስለሚችል ኢንቨርተሩ ወደ መስመሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንዲጠብቅ ያድርጉት።

ኤሌክትሪሺያኑ ከመሄዱ በፊት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ። ፍሪጁ፣ መብራቱና ቴሌቪዥኑ በርተው ሳለ ፓምፑን ያስነሱ፤ መብራቱ ለአፍታ ብልጭ ቢል ችግር የለውም፣ ሁሉም ከጠፋ ግን ጭነቱ ወይም ባትሪው እንደገና ይታይ። በነጋታው ቀትር ላይ ምጣዱን ለኩሰው የኢንቨርተሩ መስኮት ከመስመሩ የሚወሰደውን በትክክል ያሳይ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ በአሉታ ከመጣ ሲቲው ተገልብጦ ታስሯል። በመጨረሻም የማጥፊያውን ቅደም ተከተል፣ በመጀመሪያ የመጠባበቂያውን ጭነት፣ ቀጥሎ የመስመሩን ብሬከር፣ ከዚያ የፓነሉን ማቋረጫ፣ ከሁሉ በኋላ ባትሪውን ብለው በወረቀት ጽፈው በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉ፤ እርስዎ በሌሉበት ቀን ጭስ የሚሸተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።