የሚሺጋንን 550 ለ 0 ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1901 የውድድር ዘመን 11 ጨዋታ አድርጎ 550 ነጥብ አስቆጠረ። የተቆጠረበት ዜሮ ነው። አሰልጣኙ ፊልዲንግ ዮስት ደግሞ ገና በዚያው ዓመት የመጣ ሰው ነበር። የአሜሪካን ፉትቦል የሚወድ ሰው፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ በአን አርበር ልጁን የሚያስተምር ከሆነ፣ ይህን ቁጥር አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ቁጥሩ እውነት ነው። አብሮት የሚወራው ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

በዛሬ ነጥብ ማስላት

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። ያኔ አንድ ታችዳውን (ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ) የሚያስገኘው 6 ሳይሆን 5 ነጥብ ነበር። ከታችዳውን በኋላ የምትመታዋ ኳስ 1 ትጨምራለች። ፊልድ ጎል (በጨዋታ መሀል ኳሷን መትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል ማሳለፍ) ደግሞ እንደ ዛሬው 3 ሳይሆን ራሱም 5 ነበር። የመጨረሻውን ጨዋታ እንይ። ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 አሸነፈ። ስምንት ታችዳውን 40፣ ተጨማሪዎቹ ምቶች 4፣ አንዲት ፊልድ ጎል 5፤ ድምሩ 49። በዛሬው ሕግ ቢሰላ 55 ይሆን ነበር። ከስምንቱ ታችዳውን አምስቱን ያገባው ኒል ስኖው የሚባል ተጫዋች ብቻውን ነው።

ኳስ ሲወረወር ማሰብ

ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው በ1906 ነው። በ1901 ኳሷን ይዞ መሮጥ፣ መግፋት፣ መምታት ብቻ ነበር። ሜዳው 110 ያርድ ነው፤ በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ካልሄድክ ኳሷን ታስረክባለህ።

ታዲያ ያን ሁሉ ነጥብ ከየት አመጡት? መልሱ ፍጥነት ነው። የዮስት ቅጽል ስም በእኛ አፍ «ቶሎ በሉ» እንደማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በልምምድ ሜዳ የሚጮኸው ይህንኑ ነበርና። ተጋጣሚው ከወደቀበት አቧራውን አራግፎ ሳይነሳ፣ ቦስ ዊክስ የተባለው ኳርተርባክ (ጨዋታውን በሜዳ የሚመራው ተጫዋች) የሚቀጥለውን ምልክት ይጠራል። ሰልፉም ተስተካክሎ ይጠብቃል። ተከላካዩ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሌላ ሩጫ ይመጣበታል። በእኔ አስተያየት የዮስት ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ስለ እሱ የሚጻፈው ግን ስለ ነጥቡ እንጂ ስለዚህ ብዙም አይደለም።

ሁሉንም ለአዲሱ አሰልጣኝ መስጠት

«የፈረሰ ቡድን መጥቶ አነሳው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ሚሺጋን በ1898 ሁሉንም ጨዋታ አሸንፏል። ዮስት ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመትም የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስኖው ራሱ ዮስት ሲመጣ የቡድኑ ነባር ተጫዋች ነበር።

ዮስት ያመጣው ነገር ግን ቀላል አይደለም። በ1900 ካሊፎርኒያ ውስጥ ስታንፎርድን ያሠለጥን ነበር። ስታንፎርድ ከእንግዲህ የሚያሠለጥነን የራሳችን ምሩቅ ይሁን ብሎ ወሰነ፤ እሱም ሥራ ፈላጊ ሆነ። የሚሺጋን ስፖርት ኃላፊ ቻርልስ ቤርድ ወዲያው ቀጠረው። በሳን ሆዜ የመምህራን ማሠልጠኛ ይጫወት የነበረው ሯጩ ዊሊ ሄስተንም ተከትሎት መጣ። በዛሬ ሕግ እንዲህ ያለ ዝውውር ስንት ወረቀት እንደሚያስሞላ አስቡት!

ተጋጣሚዎቹን በአንድ ሚዛን መመዘን

አልቢዮንና ቤሎይት ትንንሽ ኮሌጆች ነበሩ። ቤሎይት ላይ 89 ነጥብ ማግባት ብዙ አያስደንቅም። ኦሃዮ ስቴት ላይ ግን 21፣ ካርላይል ላይ 22፣ ቺካጎ ላይም 22 ነው። ቡድኑ በእውነት የተፈተነው እዚህ ነው። 128 ለ 0 የተረታው ቡፋሎ ደግሞ እንዲያው የመንደር ቡድን አልነበረም። በዚያው ዓመት ኮሎምቢያን ያሸነፈ ነው። ከዚያ ጨዋታ የሚወራ ቀልድ አለ፤ አንድ የቡፋሎ ተጫዋች ሮጦ የሚሺጋን ተጠባባቂዎች ጋ ሄዶ ተቀመጠ፣ ተሳስተሃል ሲሉትም «አውቃለሁ፣ እዚህ ይሻለኛል» አለ ይባላል። ያስቃል፣ ግን እንደ ታሪክ አትጻፉት።

ትልቁን ስታዲየም በዓይነ ሕሊና ማየት

የስታንፎርዱ ጨዋታ ዛሬ የመጀመሪያው «ሮዝ ቦውል» (በአዲስ ዓመት ሰሞን የሚደረገው ታዋቂ ጨዋታ) ይባላል። በዚሁ ስም የሚጠራው ስታዲየም ግን ገና አልነበረም፤ የተከፈተው በ1922 ነው። የተጫወቱት በካሊፎርኒያዋ ከተማ ፓሳዲና ውስጥ ቱርናመንት ፓርክ በሚባል ሜዳ ነው። ተመልካቹም 8,000 ያህል ነበር። ሚሺጋን አንድም ተጫዋች ሳይቀይር በ11 ሰው ጨረሰ። ስታንፎርዶች ስምንት ደቂቃ ያህል ሲቀር በቃን አሉ። አዘጋጆቹም ጨዋታው አንድ ወገን ብቻ ስለሆነባቸው ፉትቦሉን ትተው ወደ ሠረገላ እሽቅድምድም ዞሩ። ፉትቦል የተመለሰው በ1916 ነው።

ቀኑም ያምታታል። ጨዋታው የተደረገው ጃንዋሪ 1፣ 1902 ነው፤ ስለዚህ አንዱ 1901፣ ሌላው 1902 ይላል። እኛ በዚህ አንቸገርም። በእኛ አቆጣጠር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨዋታ ሁሉም 1894 ዓ.ም. ውስጥ ነው፤ ዓድዋ ስድስት ዓመት ሲሆነው መሆኑ ነው።

«የአገሪቱ ሻምፒዮን» ብሎ መዝጋት

በ1901 የፍጻሜ ጨዋታ የለም፣ የጋዜጠኞች ደረጃም የለም። የአሶሺየትድ ፕሬስ ደረጃ የጀመረው በ1936 ነው። ለሚሺጋን የተሰጠው ማዕረግ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደኋላ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። በዚያው ዓመት ሃርቫርድም 12 ጨዋታ አድርጎ 12ቱንም አሸንፏል፤ እሱም በአዲስ አሰልጣኝ፣ በቢል ሪድ። ሁለቱ አልተገናኙም። ቢገናኙ ለሚሺጋን አደላለሁ፤ 128ቱን አይቼ ሳይሆን በፍጥነታቸው ምክንያት። የሃርቫርድ ደጋፊ ግን ሌላ ቢል የሚረታበት ማስረጃ የለኝም።