ባዶው ናሙና ለምን ደመቀ?

ሦስት ሳምንት ራሴን ያዞረኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። ወተት ውስጥ የቀረ ቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ለመለየት ዩአይኦ-66-ኤንኤች2 የተባለውን ዱቄት እጠቀማለሁ። ዚርኮኒየም ከኦርጋኒክ ሞለኪውል ጋር እንደ መረብ የተያያዘበት፣ ቀዳዳ የበዛበት ቁስ ነው። አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ሰማያዊ ያበራል፤ ቴትራሳይክሊን ሲቀርበው ይደበዝዛል። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 100 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ ትንሽ መደብዘዝም ዋጋ አላት።

የእኔው ግን ባዶው፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ናሙና ላይ ጭራሽ እየደመቀ ሄደ። መጀመሪያ መሣሪያውን ጠረጠርኩ። ከዚያ ናሙናው የሚቀመጥበትን ትንሽ ግልጽ ዕቃ፣ ኩቬቱን፣ ደጋግሜ አጠብኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ድብልቁን ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ) ውስጥ ከተትኩት። ዱቄቱ ከታች ረጋ፤ ከላይ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ቀረ። የ365 ናኖሜትር መብራት ሳበራበት ፈሳሹ ራሱ ሰማያዊ ቦግ አለ። ለካ መረቡ እየፈረሰ ነው! ጥፋተኛው የፎስፌት ባፈሬ፣ ማለትም የድብልቁ የአሲድነት መጠን (ፒኤች) እንዳይለዋወጥ የምጠቀምበት ፈሳሽ ነበር። ፎስፌት ዚርኮኒየም ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ማያያዣውን ኦርጋኒክ ሞለኪውል ገፍቶ ቦታውን ይወስዳል። የተለቀቀው ማያያዣ፣ አሚኖቴሬፍታሊክ አሲድ፣ ደግሞ ብቻውንም ያበራል።

ባፈሩን ፎስፌት በሌለበት ሌላ ባፈር፣ በሄፔስ፣ ቀየርኩ፤ ፒኤቹ ያው 7.4 ነው። ባዶው ናሙና አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ወተትም የራሱ ፎስፌት ስላለው አቅጥኜ፣ እዚያው ወተት ላይ የታወቀ መጠን ቴትራሳይክሊን እየጨመርኩ ነው የማሰላው። ቴትራሳይክሊን ራሱም እዚያው 365 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ፣ መደብዘዙ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። እሱ የሌላ ቀን ራስ ምታት ነው።